ሐዘን፣ ናሙና አራት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሕግ ተማሪዎች ይገባሉ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ካልሲያቸውን ኪሳቸው ከትተው በሦስት ረድፍ ይቆማሉ። ሃያ ደቂቃ እስክስታ እንመታለን። ለጨዋታ አይደለም፤ ትከሻቸው እንዲላላ ነው። ትከሻው የተሰቀለ ጠበቃ የፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለው፣ የሰውን ልብ ከአካሉ አንብቦ ከመቶ ነጥብ የሚሰጠው አንባቢ መሣሪያ፣ ከስልሳ በላይ አይሰጠውም። ከዚያ የደንበኛውን ንጽሕና ከልቡ የሚያምን ሰው እንዴት እንደሚቆም እናጠናለን። አራት ሰዓት ላይ የግብርና ተማሪዎች ይመጣሉ፤ እነሱ የሚማሩት ከገበሬ አጠገብ ቁጢጥ ማለትን ነው። ቁጢጥ ብሎ በሆዱ ምሳውን የሚያስብ ባለሙያ አርባም አያገኝም። ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የነርሲንግ ተማሪዎች ነው፤ ከእነሱ ጋር ማዘንን እናጠናለን።

ፈትለወርቅ እባላለሁ። በምሥራቀ ዓምባ ዩኒቨርሲቲ የውዝዋዜና የመድረክ ጥበብ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው። የተወለድኩት ሰው ሁሉ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ በሚጨፍርበት ዘመን ስለሆነ፣ ጨፋሪ እሆናለሁ ስል ቤተሰቤ ብዙም አልደነገጠም። ሃያ ዓመት ቲያትር ቤት ጨፍሬ ወደ ማስተማር ስመጣ የክፍሉ ተማሪዎች አሥራ አንድ ነበሩ። ልጃቸው እኛ ጋ የተመደበባቸው ወላጆች ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ መጥተው እንዲቀየርላቸው ይለማመጡ ነበር። አሁን በ2078 ዓ.ም. በየሴሚስተሩ ስድስት ሺህ ተማሪ በእኛ እጅ ያልፋል። ሐኪም ይሁን መሐንዲስ፣ ከአንባቢው ሰባ ያላመጣ የሙያ ፈቃድ አያገኝም፤ ሰባ ማምጣት የሚያስተምረው ደግሞ የእኛ ክፍል ነው። ዲኑ በየስብሰባው የዩኒቨርሲቲው የጀርባ አጥንት ይሉናል። ወለላችን ግን ዛሬም ሲሚንቶ ነው፤ ጉልበቴ ያለቀው እሱ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው ውዝዋዜ እየተማረ ሰርግ ላይ የሚጨፍር ጠፋ። በሰርግ ድንኳን ትከሻውን የነቀነቀ ሰው ሰኞ መሥሪያ ቤት በር ላይ አንባቢው ይይዝበታል የሚል ወሬ አለ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ሙሽሮቹ መሀል ይቆማሉ፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ እንግዳው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል። አንድ ጊዜ እኔ ተነሥቼ እስክስታ ብወርድ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

እኔን ራሴን አንባቢው አያምነኝም። መድረክ ላይ የኖረ ሰው ሁሉ እጣው ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ይላል፣ ዘጠና ይላል፣ ወደ ስልሳ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ይታክተውና በቁጥር ፈንታ ሰረዝ ይጽፋል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስሄድ የእህቴ ባል አብሮኝ ይመጣል። እኔ አሞኛል እላለሁ፣ እሱ አሟታል ይላል፣ ከዚያ ካርድ ይወጣልኛል። መጀመሪያ ላይ እንስቅበት ነበር።

ትርሲት ምትኩ የነርሲንግ ተማሪ ናት። ሁለተኛ ዓመት ሆና እኔ ክፍል ስትገባ ንባቧ አርባ አንድ ነበር። ያደገችው ዋርካ ሜዳ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቷ አቶ ምትኩ እዚያ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ ስታወራ እጇን አታንቀሳቅስም፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። በልምምድ ሐኪም ቤት ያሉ አሮጊቶች ግን በስሟ ነበር የሚጠሯት። ሕፃናት እንኳ መርፌ ስትወጋቸው ብዙ አያለቅሱባትም። አንባቢው ይህን አላየላትም። ርኅራኄ አርባ አንድ ብሎ ጻፈባት፤ አርባ አንድ ይዞ ደግሞ ነርስ የሆነ የለም።

ሁለት ዓመት ለፋሁባት። እኛ ሙያ ውስጥ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ተማሪው እየሠራ አታስቆመውም፣ ጠጋ ብለህ በጆሮው አንዲት ቃል ትጥላለህ። ክንድ፣ አንገት፣ ትንፋሽ። እኔም ከአስተማሪዬ የተማርኩት እንደዚህ ነው። ጥሩ ተማሪ ቃሏን ከሰማ በኋላ አያስብም፤ አካሉ ቀድሞት ይታዘዛል። ትርሲት እንደዚያ ሆነችልኝ። አርባ አንዱ ስልሳ ገባ፣ ስልሳው ሰማንያ ስምንት ሆነ። ለሌሎች መምህራን እያሳየሁ ጉራዬን ነፋሁባት፤ እሷም ደስ ይላት ነበር መሰለኝ።

የካቲት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለቤተሰብ መርዶ መንገርን እያጠናን ነበር። ስልኮች ክፍል ስንገባ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የቤተሰብ አስቸኳይ ጥሪ ብቻ ይጮኻል። የትርሲት ስልክ ጮኸ። አነሣችውና የአጎቷን ድምፅ ሰማች። "መቼ?" አለች፤ ከዚያ ስልኩ ከእጇ ወደቀ። በጉልበቷ ወረደች። ግራ እጇን ሆዷ ላይ አጥብቃ ይዛ ጎበጠች፤ ድምፅ አልነበራትም።

ሮጥኩ። ልይዛት ነበር የሮጥኩት፣ እግዜር ያውቃል። አጠገቧ ተንበረከክሁ፣ ጆሮዋ ሥር ደረስኩ፣ አፌን ስከፍት የወጣው ቃል "ክንድ" የሚለው ነበር።

ክንዷ ተከፈተ። ቀስ ብሎ ከሆዷ ተነሥቶ ወደ ጎን ተዘረጋ፣ መዳፏ ወደ ላይ ዞረ፣ አንገቷ እኔ ባስተማርኳት መጠን ዘንበል አለ። ግድግዳው ላይ ያለው አንባቢ ዘጠና ሰባት ጻፈ። በክፍላችን ያን ያህል ታይቶ አያውቅም። ከኋላ አንድ ልጅ ማጨብጨብ ጀምሮ አቋረጠ። ምላሴን በቆረጠው ያልኩት ያኔ አይደለም፤ ያኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንዲት ቅጽበት ኩራት ተሰምቶኛል። ከዚያ ነው ያቀፍኳት።

በዚያው ቀን አባቷን ልትቀብር ዋርካ ሜዳ ሄደች።

እሷ በሄደች በሳምንቱ ዲኑ ዶክተር ልዑልሰገድ አስጠሩኝ። እኔን "እትዬ ፈትለወርቅ" የሚሉኝ የምሥራች ሲኖራቸው ወይም የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ነው፤ ያን ቀን ሁለቱም ነበር። አንባቢዎቹን የሚያስተዳድረው የንባብ ማዕከል የየክፍሉን ከፍተኛ ንባብ ሲመረምር የትርሲትን አግኝቷል። ለአገሪቱ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ማስተማሪያ ሊያደርገው መርጦታል። ስሙም ወጥቶለታል፦ ሐዘን፣ ናሙና አራት። ፊቷ አይታይም፣ ስሟም አይጠቀስም። የልጅቷን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ስትመዘገብ ፈርማለች። ተቃውሞ ካለ ግን ክፍሉን የምታስተምረው መምህርት በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ቀርባ ታስረዳለች። ልጅቷ ከመጨረሻ ፈተና ነፃ ትሆናለች፣ ሪፈራል ሆስፒታል ትመደባለች። የእኛም ክፍል ወለል በእንጨት ይሠራል፤ ከማዕከሉ በመጣው ደብዳቤ ላይ ሰፍሯል። አሥራ አምስት ዓመት የጠየቅሁት ወለል ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ትርሲት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ሳይገቡ ወደ ክፍሌ መጣች። ስለ ናሙናው ከዲኑ ቢሮ ነግረዋት ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ያሏትም ነበሩ። ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠችም።

"ቲቸር፣ እኛ አገር አባቷ የሞተባት ሴት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች" አለችኝ። "እጁን የሚዘረጋው አልቃሽ ብቻ ነው። እሱም ተከፍሎት ነው።"

ይህን አላውቅም ነበር። ስንቱን አገር ውዝዋዜ አውቃለሁ እያልኩ፣ የተማሪዬ አገር ሰው እንዴት እንደሚያዝን ጠይቄያት አላውቅም።

"ድንኳን ገባሁ" አለች። "ላለቅስ ስቀመጥ እጄ ተከፈተ። መለስኩት። ደግሞ ተከፈተ። አንገቴም እንደዚያው፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ዘንበል አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። አክስቴ መጣችና በጆሮዬ 'ለአባትሽም ተከፍሎሽ ነው የመጣሽው?' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ አቃተኝ ቲቸር። እስከዛሬ አላለቀስኩም።"

ከዚያ የመጣችበትን ነገር ተናገረች። አንባቢው አካል እንጂ ድምፅ አይይዝም፤ በሕግ የተከለከለ ነው። በጆሮዋ ያልኩትን ቃል የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ስለ ራሱ ንባብ ደግሞ ማንም መመስከር አይችልም። እኔ ቀርቤ ቃሉን እኔ እንደተናገርኩ ካስረዳሁ፣ ንባቡ በመምህር ትእዛዝ የተሠራ ይሆናል፤ ናሙናውም ይሰረዛል።

"ያንቺም ንባብ አብሮ ይሰረዛል" አልኳት። "ሁለቱም ዓመት፤ ሁሉም በትእዛዝ የተሠራ ነው ይባላል። አርባ አንድሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው። ነርስነቱ ይቀራል፣ ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ትርሲትዬ፣ ይኼ እኮ ሌላ ነገር አይደለም፣ ሕይወትሽ ነው።"

"አባቴ ነው የሞተው" አለች። "አባቴ መሞቱን የሰማሁባትን ደቂቃ ለሰው ማስተማሪያ አያድርጓት። እኔ ሌላ አልፈልግም።"

እሺ አልኳት። እሺ ብዬ ደግሞ ስድስት ቀን ዝም አልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት የልጅቷ ነገ ነበር፤ በሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚለውን አያውቅም፣ በኋላ ትጸጸታለች፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ልከላከልላት ይገባል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ወለሉ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሜትር ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሲለኩ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ የእንጨቱን ናሙና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ አሸተትኩት። ትርሲት በእነዚያ ቀናት አልጠየቀችኝም። ክፍል እየመጣች የታዘዘችውን ትሠራ ነበር፤ ዓይኔን ስታገኘው ቀድማ ዓይኗን ትሰብራለች። በሰባተኛው ቀን፣ የተቃውሞው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ያ ዓይን መስበሯ አንጀቴን በላኝና ማመልከቻውን አስገባሁ።

ጉዳዩን የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዲኑ፣ የሬጅስትራር ኃላፊው፣ ከንባብ ማዕከሉ የመጣች ሶልያና የምትባል ወጣት። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ትሑት፣ ተነሥታ የተቀበለችኝ ልጅ ናት። አንባቢው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ቆሜ እንድናገር ተጠየቅሁ።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ሮጬ እንደደረስኩ፣ ጆሮዋ ሥር እንደተንበረከክሁ፣ ያቺን ቃል እንዳልኩ። እየተናገርኩ ሳለ እንዴት ብቆም እንደሚያምኑኝ ማሰብ ጀመርኩ። መዳፌን ገለጥ አደረግሁ፤ እሱ ጠዋት ለሕግ ተማሪዎች የማስተምረው ነው። እጄን መልሼ አጣመርኩ፤ እሱንም አስተምረዋለሁ። ዝም ብሎ መቆም የሚባለውንም ቢሆን ሦስተኛው ሳምንት ላይ እናጠናዋለን። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከመኝ ይኸው አካል ነው፤ እውነት ለመናገር ስፈልግ እንዴት እንደማቆመው ጠፋኝ። ቁጥሩ ከላይ ይዘላል። ሃምሳ ሁለት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ ሰረዝ ጻፈ።

ሶልያና ቁጥሩን ላለማየት ዓይኗን ወረቀቷ ላይ አደረገች። እንዳፈረችልኝ ገባኝ።

"እናቴ፣ ለተማሪዎ ያለዎት ፍቅር ያስቀናል" አለችኝ። "ግን ይህን ማስረጃ ብዬ መያዝ አልችልም።"

"ልጄ፣ ያልኳት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።"

"ብለዋት ይሆናል። አንባቢው ግን አላየዎትም። የእሷን ደግሞ ዘጠና ሰባት ብሎ አይቶታል።"

ዲኑ ልጅቷን ከዝና ለመሸሸግ መሞከሬ ጨዋነት ነው አሉ። ሬጅስትራሩ ቃለ ጉባኤውን አስፈረመኝ። እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ ደረጃው ላይ ዲኑ ክንዴን ደገፍ አደረጉኝ። ውጪ አግዳሚው ላይ ትርሲት ተቀምጣ ነበር። መናገር ሳያስፈልገኝ አወቀች። "እርስዎንም አላመኑም?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ አንገቴን ነቀነቅሁ። ወደ ክፍል የሚሄደውን መንገድ ጎን ለጎን ሄድን።

ናሙና አራት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ደረሰን። ግድግዳው ላይ ፊት የሌላት፣ መልኳ አመድ የመሰለ ሴት በጉልበቷ ትወርዳለች፣ ትጎብጣለች፣ ክንዷ ይከፈታል። ከአጠገቧ የተንበረከከውን ሰው አጥፍተውታል። አርባ ተማሪዎች ፊት ለፊቷ ቆመው አብረዋት ይወርዳሉ፤ እኔ በመካከላቸው እየተዘዋወርኩ አስተካክላለሁ፣ ሥራዬ ነው። ትርሲት ከፈተና እንጂ ከክፍል ነፃ ስላልሆነች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና እንደ ሌሎቹ ትሠራለች። በመጀመሪያው ቀን አንባቢው ሰማንያ አንድ ሰጣት። አጠገቧ ያለው ልጅ የማን ሐዘን እንደሆነ እያወቀ "አይዞሽ፣ እግርሽ ትንሽ ቸኮለ" አላት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሊረዳት ነው። እሷም አመስግናው ደገመችው፤ ሰማንያ ሦስት አገኘች።

ያን ቀን ከክፍል ስወጣ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማርኩትን ሁሉ ብረግመው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሕግ ተማሪዎች ነበሩብኝ፣ ገባሁ።

የአባቷ አርባ ሲደርስ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። የእህቴ ባል "አንቺን ብሎ ለቀስተኛ" እያለ ቢቀልድም አብሮን መጥቶ አደረሰንና ተመለሰ። ዋርካ ሜዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ መንገድ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። በቀበሌው በር ላይ እንጂ ሌላ የትም አንባቢ አላየሁም። ተዝካሩ ላይ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ አቶ ምትኩ የተወደዱ ሰው ኖረዋል። አክስቷ ወይዘሮ ጥሩዓለም የከተማ እንግዳ ነኝ ብለው ደህና ቦታ ሰጡኝ፣ ብሉልኝ ጠጡልኝ አሉ። ትርሲትን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። ሴቶቹ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። እሷ ከእነሱ መካከል ሳይሆን ጓዳው በር ላይ ቆማ ሰሐን ትቀበል ነበር፤ እጇ እንዳይከፈት ሥራ አብዝታበታለች።

እኩለ ቀን አልፎ ሰው ሲቀንስ መጥታ እጄን ያዘች። ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰደችኝ። አባቷ ከሞቱ ጀምሮ አልሠራም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ዱቄት እንዳለ ነው። በሩን ዘጋችው። ከቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ፊቷ ይታየኛል፤ ከስቷል።

"እዚህ የማለቅስ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "አልመጣልኝም። ሰው ሲያየኝ ናሙናው ይመጣብኛል። ብቻዬን ስሆን ደግሞ የሚያየኝ ያለ ይመስለኛል፣ ያው ይመጣብኛል።"

"ልውጣልሽ?"

"አይሂዱብኝ።" በሩን ተደገፈች። "ይኑሩ፣ ግን አይዩኝ።"

ከወፍጮው ጎን ወዳለው ግድግዳ ዞርኩ። ነጠላዬን በራሴ ላይ አደረግሁና ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ወጥ ቤት በኩል የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ ቆርቆሮው ላይ ወፍ ይራመዳል። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተነሣ፣ ተቆረጠ፣ እንደገና ተነሣ። ለማንም አስተምሬው የማላውቀው፣ ምት የሌለው፣ አስቀያሚ ድምፅ ነው። ልቤ ዘለለ። ወዲያውም ጥርጣሬ ገባኝ፤ እንዲህ ያለውንም ማስተማር ይቻላል፣ እኔ ራሴ ብፈልግ በሁለት ሴሚስተር አስተምረዋለሁ። እሷ ደግሞ የእኔ ተማሪ ናት፤ ደስ እንዲለኝ ብላ ይሆን? እውነተኛ መሆኑን ማወቅ ፈለግሁ፤ ከምንም በላይ ፈለግሁት። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ባያት በአንዲት እይታ አውቀዋለሁ። አንገቴ ሊዞር ሲል ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ዱቄቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እስክትጨርስ ድረስ አልዞርኩም።